ለአረጋዊ ወላጅ አንቲባዮቲክ ሲመረጥ፦ ምኑን ከምን እናወዳድር?

እናት ወይም አባት ሲታመሙ ልጆች ፋርማሲ መጥተው ደጋግመው የሚጠይቁኝ «ጠንከር ያለው የትኛው ነው?» ብለው ነው። ጥያቄው ከፍቅር የመጣ ነው፤ የሚያወዳድረው ግን የማይወዳደረውን ነው። አንቲባዮቲኮች ከደካማ እስከ ብርቱ በአንድ ረድፍ አይሰለፉም። ለፊኛ ኢንፌክሽን ግንባር ቀደም የሆነው ናይትሮፉራንቶይን ለሳንባ ምች ምንም አይፈይድም። ለሳንባ የሚታዘዘው አዚትሮማይሲንም ለፊኛ አይሆንም። ሕመምተኛው 65 ዓመት ያለፈው ከሆነ ደግሞ ሌሎች ጥያቄዎች ይመጣሉ። ኩላሊታቸው መድኃኒቱን ምን ያህል ማስወጣት ይችላል? ጠዋትና ማታ የሚወስዷቸው የግፊት፣ የስኳርና የልብ መድኃኒቶች ከአዲሱ ጋር ይስማማሉ? ከሁሉም በፊት ደግሞ፣ ያመማቸው በእርግጥ ባክቴሪያ ነው?

ይህ ጽሑፍ የሐኪም ማዘዣን አይተካም። አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ እንዳይሸጥ የአገራችን ደንብ ይከለክላል፤ በተግባር ግን በብዙ ቦታ እንደሚሸጥ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ የምፈልገው ሐኪም ፊት ስትቀመጡም ሆነ ባንኮኒ ላይ ስትቆሙ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ እንድታውቁ ነው።

አሁን መጀመር ወይስ መጠበቅ?

ከሁሉ የሚከብደው ምርጫ ይህ ነው። ብዙው ስሕተት የሚሠራውም እዚሁ ላይ ነው።

ከሽንት እንጀምር። እማማ ደከመኝ ብለው ተመረመሩ፤ የላቦራቶሪው ወረቀት «ባክቴሪያ አለ፣ ፐስ ሴል (የመግል ሕዋስ) አለ» ይላል። ቤተሰቡ ወረቀቱን ይዞ በቀጥታ ወደ ፋርማሲ ይሮጣል። ይሁን እንጂ ከ80 ዓመት በላይ ከሆኑ ሴቶች ከአምስቱ አንዷ ገደማ ምንም ሳያማት ሽንቷ ውስጥ ባክቴሪያ ይገኛል። ለረጅም ጊዜ የሽንት ቱቦ (ካቴተር) በገባላቸው ሰዎች ላይ ደግሞ ባክቴሪያ የማይገኝበት ጊዜ የለም ማለት ይቻላል። የአሜሪካ የተላላፊ በሽታዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ እንዲህ ያለ፣ ምልክት የሌለው ባክቴሪያ በአረጋውያን ላይ እንዳይታከም መክሯል። ማከሙ ሰውየውን አይጠቅምም፤ ቀጣዩ ኢንፌክሽን ሲመጣ ግን መድኃኒት የተላመደ ጀርም ይጠብቀዋል። ነፍሰ ጡሮችና የሽንት ቧንቧ ቀዶ ሕክምና ሊደረግላቸው የተዘጋጁ ሰዎች ጉዳያቸው ለብቻ ይታያል።

ታዲያ መታከም ያለበት የቱ ነው? አዲስ የመጣ ማቃጠል፣ ከወትሮው የተለየ ቶሎ ቶሎ መሽናትና ሽንትን መቋጠር አለመቻል፣ ከእምብርት በታች ሕመም፣ በሽንት ውስጥ ደም፣ የጎን ውጋት፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ነው። የሽንቱ መሽተት ወይም መደፍረስ ብቻውን አይበቃም፤ ብዙ ጊዜ ውሃ ከማነስ የሚመጣ ነው። በአባቶች ላይ ደግሞ ሌሊት ደጋግሞ መነሣትና የሽንት መቆራረጥ ከኢንፌክሽን ይልቅ የፕሮስቴት ማበጥ ሊሆን ይችላል። ያን ደግሞ አንቲባዮቲክ አያሳንሰውም።

አረጋዊው በድንገት መቀባዠር ሲጀምሩ ሁሉም ሰው ሽንት ላይ ይጣደፋል። መመሪያው እዚህም ላይ ግልጽ ነው፦ የሽንት ምልክትም ትኩሳትም ከሌለ፣ ሌላ ምክንያት ይፈለግ፣ ሰውየውም በቅርብ ይታይ። የስኳር መውረድ፣ የውሃ ማነስ፣ የሆድ ድርቀት፣ አዲስ የተጀመረ መድኃኒት፣ የደም ጨው መዛባት፣ ስትሮክ፣ እነዚህ ሁሉ ሰውን ያቀባዥራሉ። «ሽንታቸው ነው» ተብሎ ሲፕሮ (ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለው አንቲባዮቲክ) ሲጀመር ትክክለኛው ምክንያት ሳይፈለግ ይቀራል። እኔን የሚያስፈራኝ ከመድኃኒቱ ጉዳት ይልቅ ይኸኛው ነው።

መጠበቅ ግን ለሁሉም አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2019 በእንግሊዝ የታተመ ትልቅ ጥናት ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ሆኖ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን አለባቸው በተባሉ ሰዎች ላይ፣ አንቲባዮቲክ ወዲያው ካልተሰጣቸው መካከል ኢንፌክሽኑ ወደ ደም የገባባቸውና የሞቱት እንደሚበዙ አሳይቷል። ስለዚህ ምልክት ከሌለ አትጀምሩ፤ ምልክት ካለ ደግሞ ቀን አትቁጠሩ።

ሳል ላይም ያው ነው። ጉንፋንና ብሮንካይት አብዛኛውን ጊዜ ከቫይረስ ስለሚመጡ አንቲባዮቲክ አይነካቸውም። ሳሉ እስከ ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል፤ የአክታው ቢጫ መሆንም ብቻውን የባክቴሪያ ማስረጃ አይደለም። ለየት የሚሉት ለዘመናት በማገዶ ጭስ ውስጥ እንጀራ ሲጋግሩ ሳንባቸው የተጎዳ እናቶች ናቸው። የቆየ የሳንባ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ትንፋሽ ማጠሩ ሲብስ፣ አክታው ሲበዛና መግል ሲመስል አንቲባዮቲክ ይረዳቸዋል። በአገራችን ደግሞ ሳል ሁለት ሳምንት ከሞላ ምርመራው ለቲቢ ነው። ሲፕሮና ሌቮፍሎክሳሲን የቲቢን ጀርም ለጊዜው ስለሚያዳክሙ «ሻል አለኝ» ያሰኙና በሽታው ሳይታወቅ ወራት ያልፋሉ። ለቆየ ሳል እነዚህን ገዝቶ መሞከር ለአረጋዊ ሰው በጣም አደገኛ ነው።

«ታይፎይድና ታይፈስ አለብዎት» የሚለው ውጤትም አለ። ብዙ ክሊኒኮች የሚጠቀሙበት የዊዳል ምርመራ የሚለካው ጀርሙን ሳይሆን ሰውነት ጀርሙን ለመከላከል በደም ውስጥ የሚያመነጨውን አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲው ደግሞ ከዓመታት በፊት ከተያዙበት በሽታ ወይም ከሌላ ኢንፌክሽን የቀረ ሊሆን ይችላል። ዕድሜ ልካቸውን እዚሁ የኖሩ የ75 ዓመት ሰው ላይ ምርመራው አለ ቢል የሚያስገርም አይደለም። ለቀናት የዘለቀ ትኩሳት በሌለበት፣ በዚህ ወረቀት ብቻ ሲፕሮ ወይም ሴፍትሪያክሶን ሲታዘዝ «የደም ካልቸር (ጀርሙን አሳድጎ የሚለይ ምርመራ) ማድረግ ይቻላል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ፊኛ ከሆነ፦ ናይትሮፉራንቶይን፣ ኮትሪሞክሳዞል ወይስ ሲፕሮ?

ሦስቱም በኢትዮጵያ ይገኛሉ፤ ዋጋቸውም ሆነ ባሕርያቸው ይለያያል።

ናይትሮፉራንቶይን የሚከማቸው ሽንት ውስጥ ነው። ስለዚህ ለፊኛ ኢንፌክሽን ጥሩ ነው፤ በሌላው ሰውነት ላይ የሚገኘውን ባክቴሪያም ብዙ አይነካም። ለሴቶች የተለመደው ሕክምና 5 ቀን ነው። ከምግብ ጋር ይወሰዳል፤ ሽንትን ቡናማ ቢያደርገው አትደንግጡ። ድክመቱ ይህ ነው፦ ትኩሳትና የጎን ውጋት ካለ፣ ማለትም ኢንፌክሽኑ ኩላሊት ከደረሰ፣ አይበቃም። በወንዶች ላይ ፕሮስቴት ከተጠረጠረም አይደርስለትም። የአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር የኩላሊት ማጣራት አቅም በደቂቃ ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ከሆነ እንዳይሰጥ ይመክራል። «መከላከያ ይሁን» ተብሎ ለወራት መስጠትም ሳንባንና ነርቭን ሊጎዳ ይችላል።

እዚህ ላይ ስለ ኩላሊት ምርመራ አንድ ነገር ልጨምር። የኩላሊትን ሥራ ለማወቅ በደም ውስጥ የሚለካው ክሬቲኒን የሚመነጨው ከጡንቻ ነው። የከሱ አዛውንት ጡንቻቸው ትንሽ ስለሆነ ኩላሊታቸው ግማሽ እየሠራ እንኳ ቁጥሩ «ኖርማል» ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ከላቦራቶሪ ቁጥሩ ጋር ዕድሜያቸውንና ክብደታቸውንም ንገሩ፤ ሐኪሙ ወይም የፋርማሲ ባለሙያው ትክክለኛውን አቅም ያሰላል።

ኮትሪሞክሳዞል (ባክትሪም) ርካሽ ነው፣ በየጤና ጣቢያው ይገኛል፣ ሰዉም ለምዶታል። ለአረጋውያን ግን ከሦስቱ በጣም የምጠነቀቅለት እሱን ነው። ኢናላፕሪል፣ ሎሳርታን ወይም ስፓይሮኖላክቶን ለሚወስድ ሰው ኮትሪሞክሳዞል ሲጨመር በደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም ሊያሻቅብና ልብን በድንገት ሊያቆም ይችላል። በካናዳ ኦንታሪዮ ዕድሜያቸው 66 እና ከዚያ በላይ በሆኑ፣ የዚህ ዓይነት የግፊት መድኃኒት በሚወስዱ ሰዎች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ ኮትሪሞክሳዞል ከአሞክሳሲሊን ጋር ሲነጻጸር ከድንገተኛ ሞት ጋር መያያዙን አሳይቷል። ኢናላፕሪል ከማይወስድበት ቤት የሚወስድበት የሚበዛ እስኪመስለኝ ድረስ በየቀኑ ስለምሸጠው፣ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱ የስኳር ሕመምተኞችን ደግሞ ስኳራቸውን ከመጠን በላይ ያወርድባቸዋል። ዋርፋሪን (የደም መርጋት መከላከያ) ለሚወስዱ ደም መፍሰስ ሊያመጣ ይችላል። በዚያ ላይ በአገራችን በሽንት ካልቸር ላይ ባክቴሪያው ይህን መድኃኒት የተላመደ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። ከላይ የጠቀስኳቸውን የግፊት፣ የስኳርና የደም መርጋት መድኃኒቶች የማይወስዱ፣ ኩላሊታቸው ደኅና የሆነ፣ ካልቸራቸውም «ይሠራል» ያለላቸው ሰዎች ግን ሊወስዱት ይችላሉ።

ሲፕሮፍሎክሳሲን «ጠንከር ያለው» ሲባል ሁሉም የሚያስበው መድኃኒት ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) እ.ኤ.አ. በ2008 ጅማትን ሊበጥስ እንደሚችል የከበደውን ማስጠንቀቂያ አስለጠፈበት፤ አደጋው ከ60 ዓመት በላይ ባሉና እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ በሚወስዱ ሰዎች ላይ ይብሳል። በ2016 ሌላ አማራጭ እያለ ለቀላል የፊኛ ኢንፌክሽን፣ ለሳይነስና ለብሮንካይት እንዳይታዘዝ አሳሰበ። በ2018 ደግሞ የስኳር መውረድ፣ የአእምሮ መዛባትና የትልቁ ደም ቧንቧ መቀደድ ተጨመሩ። ተረከዛቸው አካባቢ ሕመም የጀመራቸው አረጋዊ ክኒኑን አቁመው በዚያው ቀን ሐኪም ማየት አለባቸው። ከወተት፣ ከአይረን ክኒንና ከጨጓራ ማስታገሻ ሽሮፕ ጋር ከተወሰደ ደግሞ ሆድ ውስጥ ታስሮ ይቀራል፤ ከእነዚህ ቢያንስ ሁለት ሰዓት መቅደም አለበት። ለፕሮስቴት ኢንፌክሽን፣ ለኩላሊት ኢንፌክሽን ወይም ካልቸሩ ሌላ መንገድ ሲዘጋ ግን ሲፕሮ ሰውን ያድናል። አቅሙ እንዲቆይልን የምንቆጥበውም ለእነዚህ ነው።

እንግዲህ የ72 ዓመት እናት፣ ኢናላፕሪልና ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱ፣ ትኩሳት የሌላቸው፣ አዲስ ማቃጠል የጀመራቸው ቢሆኑ፣ ኩላሊታቸው ከፈቀደ ለእኔ ቀዳሚው ናይትሮፉራንቶይን ነው። ከሕክምናው በፊት የሽንት ካልቸር ቢሰጡ ይመረጣል። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ የሚመላለስባቸው ከሆነ ደግሞ ከሌላ አንቲባዮቲክ በፊት ስለ ብልት ኢስትሮጅን (የሴት ሆርሞን) ክሬም የማህፀን ሐኪም ይጠይቁ። ካረጡ በኋላ የሚደጋገምን ኢንፌክሽን እንደሚቀንስ የታወቀ ነው፤ እናቶቻችን ስላፈሩ ብቻ ሳይነሣ የሚቀር ጉዳይ ነው።

ሳንባ ከሆነ

የሳንባ ምች በአረጋውያን ላይ ያለ ትኩሳትና ያለ ሳል ሊመጣ ይችላል። ምግብ እምቢ ማለት፣ መውደቅና መቀባዠር ብቻ ሊታይ ይችላል። በደቂቃ 30 ጊዜና ከዚያ በላይ መተንፈስ፣ አዲስ ግራ መጋባት፣ የላይኛው ግፊት ከ90 በታች መውረድ ወይም የከንፈር መጥቆር ካያችሁ መድኃኒት አታወዳድሩ፤ ወደ ሆስፒታል ውሰዷቸው።

ቤት ሆኖ ለሚታከም ቀላል ምች አሞክሳሲሊን ዛሬም የመጀመሪያው ምርጫ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 አንቲባዮቲኮችን በሦስት ሲመድብ አሞክሳሲሊን በመጀመሪያው፣ በየቦታው እንዲገኝና እንዲቀድም በተባለው ምድብ ገባ። አዚትሮማይሲን፣ ሲፕሮና ሴፍትሪያክሶን በጥንቃቄ በሚያዘው በሁለተኛው ናቸው። የአሞክሳሲሊን ችግሩ በቀን ሦስት ጊዜ መሆኑ ነው። በጾም ወቅት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የማይቀምሱ እናቶች የጠዋቱን ይዘሉታል። መድኃኒቱ በባዶ ሆድም ይሠራል፤ ውሃውና ክኒኑ የሚከብዳቸው ከሆነ ግን የንስሐ አባታቸውን አስፈቅዱላቸው፣ ወይም ሐኪሙን በቀን ሁለቴ የሚወሰድ አማራጭ ጠይቁት።

ዶክሲሳይክሊን እንዲህ ላለው ይሆናል። በሙሉ ብርጭቆ ውሃ ተወስዶ ለግማሽ ሰዓት ቀና ብሎ መቀመጥ ያስፈልጋል፤ ተኝተው ከዋጡት ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ያቆስላል። አልጋ ላይ ለዋሉ ሰዎች ስለዚህ አይመችም።

አዚትሮማይሲን በቀን አንዴ ለሦስት ቀን ስለሆነ ሁሉም ይወደዋል። ነገር ግን የልብ ምትን ሊያዛባ እንደሚችል ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በ2013 አስጠንቅቋል፤ የልብ ሕመም፣ የፖታሲየም ማነስ ወይም የዝግተኛ ልብ ምት ላለባቸው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዘመዱ ክላሪትሮማይሲን፣ ለጨጓራ ባክቴሪያ የሚታዘዘው፣ ሲምቫስታቲን (የኮሌስትሮል መድኃኒት) ከሚወስድ ሰው ጋር ጨርሶ አይገናኝም፤ ጡንቻን ያሟሟል። አምሎዲፒን ከተባለው የግፊት መድኃኒት ጋርም ግፊትን ከልክ በላይ ሊጥል ይችላል። የልብ፣ የስኳር ወይም የቆየ የሳንባ ሕመም ካለ ሐኪሙ ሁለት መድኃኒት ሊያጣምር ይችላልና፣ ሁለት ዓይነት ሲታዘዝ አንዱን «ትርፍ ነው» ብላችሁ አትተዉ።

ክኒን ወይስ መርፌ?

«መርፌ ቶሎ ያድናል» የሚለው እምነት በአረጋውያን ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። ልጆችም ለማስደሰት ብለው ሴፍትሪያክሶን ያስወጓቸዋል። መዋጥ የሚችል፣ የማያስመልሰው፣ ግፊቱ ደኅና የሆነ ሰው ብዙውን ጊዜ በክኒን ይድናል። ዶክሲሳይክሊን፣ ሜትሮኒዳዞልና ኮትሪሞክሳዞል ከሆድ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ወደ ደም ይገባሉ። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ጡንቻው ላይ ሲወጋ ውስጥ ለውስጥ ሊደማ ይችላል። ጄንታሚሲን የሚባለው መርፌ ደግሞ ኩላሊትንና ጆሮን ይጎዳል፤ የጠፋው መስማት ላይመለስ ይችላል። ከሆስፒታል ውጭ ጄንታሚሲን ከታዘዘላቸው «ኩላሊታቸው ተለክቷል ወይ?» ብሎ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

5 ቀን ወይስ 10 ቀን?

በረዘመ ቁጥር ይሻላል የሚለው አስተሳሰብ በሕክምናው ዓለም ተለውጧል። ለሳንባ ምች፣ ሕመምተኛው ከተሻለውና ትኩሳቱ ከጠፋ፣ 5 ቀን ይበቃል። ይህ ማለት በሁለተኛው ቀን «ተሽሎኛል» ብሎ ማቆም ማለት አይደለም፤ የታዘዘው እንደታዘዘ ይጨረስ። የቲቢ መድኃኒት ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው፤ ለወራት ሳይቋረጥ ይወሰዳል።

የተረፈ ክኒን አታስቀምጡ። ከዋሽንግተንም ሆነ ከዱባይ በሰው እጅ አንቲባዮቲክ የምትልኩ ልጆችም፣ በዚያ ገንዘብ ካልቸርና የኩላሊት ምርመራ ብታስደርጉላቸው ይበልጥ ትረዷቸዋላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2024 በላንሴት የታተመው ዓለም አቀፍ ጥናት ከ1990 እስከ 2021 ባለው ጊዜ መድኃኒት በተላመዱ ጀርሞች የሞቱ ከ70 ዓመት በላይ ሰዎች ቁጥር ከ80 በመቶ በላይ መጨመሩን አሳይቷል። በሕፃናት ዘንድ ሞቱ በግማሽ በቀነሰበት ዘመን ሸክሙ ወደ አረጋውያኑ ዞሯል።

«ፔኒሲሊን አይስማማኝም»

አሥር በመቶ የሚሆን ሰው እንዲህ ይላል፤ ሲመረመሩ ግን ከአሥሩ ዘጠኙ አለርጂ የለባቸውም። በወጣትነታቸው የያዛቸው ተቅማጥ ወይም ማቅለሽለሽ አለርጂ ተብሎ ተመዝግቦ ይሆናል። እውነተኛው አለርጂም ከአሥር ዓመት በኋላ በአብዛኛው ይጠፋል። ምን እንደሆኑ በዝርዝር ጠይቋቸው፦ ፊታቸው አበጠ? ትንፋሽ አጠራቸው? ወይስ ሆዳቸውን ነው ያመማቸው? መልሱን ለሐኪሙ ንገሩ። አሞክሳሲሊንን በስም ብቻ ከዝርዝር ማውጣት አረጋዊውን ወደ ሲፕሮና ወደ አዚትሮ ይገፋዋል። ፊት ያበጠበትን ወይም ራሱን የሳተበትን ሰው ግን ቤት ውስጥ «እንሞክረው» አትበሉ።

ከጀመሩ በኋላ

በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ለውጥ ከሌለ ወደ ሐኪሙ ተመለሱ፤ ሌላ ዓይነት ገዝታችሁ አትደርቡ። ዋርፋሪን የሚወስዱ ከሆነ የደም መርጋት ምርመራውን በዚያው ሳምንት አስደግሙ። ስኳራቸውን ቤት ውስጥ የምትለኩ ከሆነ ከወትሮው ቶሎ ቶሎ ለኩ። ተቅማጥ ሲጀምራቸው ደግሞ ልብ በሉ፦ አንቲባዮቲክ የአንጀትን ጥሩ ባክቴሪያ ሲያጠፋ ክሎስትሪዲዮይዲስ ዲፊሲል የሚባል ጀርም ይነግሣል፤ ከ65 ዓመት በላይ ባሉ፣ ኦሜፕራዞል (የጨጓራ አሲድ መቀነሻ) ዘወትር በሚወስዱ ሰዎች ላይ ይበዛል። በቀን ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ውሃ መሰል ተቅማጥ ከመጣ፣ መድኃኒቱ ካለቀ ሳምንታት ቢያልፉም እንኳ፣ የተቅማጥ ማስቆሚያ ሳትሰጧቸው ፈሳሽ እያጠጣችሁ ወደ ሐኪም ውሰዷቸው፤ የትኛውን አንቲባዮቲክ መቼ እንደወሰዱም ንገሩት።